ፌሬት ይዞ ካሊፎርኒያ መግባት ለምን ተከለከለ? እውነት ወራሪ ትሆናለች?

የሊያ እናት (ላስ ቬጋስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በባለቤቴ ሥራ ምክንያት ከላስ ቬጋስ ወደ ሳን ሆዜ ልንዛወር ነው። ልጄ ሊያ ማሩ የምትባል ፌሬት አለቻት። ለማታውቋት፣ ወገቧ ረዘም፣ እግሯ አጠር ያለ፣ ሸለምጥማጥ የምትመስል የቤት እንስሳ ናት። እዚህ ኔቫዳ ማንም ገዝቶ ያሳድጋታል። ካሊፎርኒያ ግን ክልክል ነው።

ሕጉን የማፍረስ ሐሳብ የለኝም። ማሩ እዚሁ ላስ ቬጋስ ወንድሜ ቤት ትቀራለች። ግን ሊያ «ማሩ ምን አጠፋች?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። ማሩ አብዛኛውን ቀን ተኝታ ነው የምታሳልፈው። ስትነቃ ካልሲ ትሰርቅና ሶፋ ሥር ትከታለች። እንዲህ ያለችውን እንስሳ «ወራሪ ዝርያ ልትሆን ትችላለች» የሚሏት በምን መዝነው ነው? በደንብ ተጠንቶ ነው ወይስ ድሮ የወጣ ሕግ ማንም ሳይነካው ቀርቶ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። ልጅቷ 12 ዓመቷ ነው፤ «ሕግ ስለሆነ» ብቻ ብላት አትቀበለኝም።

ብርሃን (ሳን ሆዜ)

እህቴ፣ እንኳን ወደኛ ሰፈር በደህና መጣችሁ። ክልከላው የቆየ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣ ሕግ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች ዛሬ ፌሬትን የሚከለክሉት ካሊፎርኒያና ሃዋይ ብቻ ናቸው። ኒው ዮርክ ከተማም በራሷ የጤና ደንብ ትከለክላለች።

ለማስፈቀድ ብዙ ተሞክሯል። በ2004 ምክር ቤቱ ያሳለፈውን ረቂቅ ገዥው አርኖልድ ሽዋርዜኔገር ሳይፈርሙበት መለሱት። በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ይጠና ነው ያሉት።

ደብቆ የሚያሳድግ እዚህ ሞልቷል። የፌሬት ምግብ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል። አንቺ እሷን ትተሽ ለመምጣት መወሰንሽ ግን ትክክል ነው። ደብቆ የሚያሳድግ ሰው ሐኪም ጋ ሲሄድ ይሳቀቃል። ብታመልጥበት እንኳ «ጠፋችብኝ» ብሎ ማስታወቂያ መለጠፍ አይችልም።

የወፍ ወዳጅ (ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ)

እኔ የምኖርበት አገር የፌሬትን ነገር በራሱ ላይ ያየ አገር ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

አውሮፓውያን ወደ ኒውዚላንድ ጥንቸል አመጡ። ጥንቸሉ ተራባና በ1870ዎቹ የደቡቡን ደሴት የበግ ግጦሽ ጨረሰው። ገበሬው መንግሥትን ወጥሮ ያዘ። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ፌሬት ነው። አውሮፓ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ጥንቸልን ከጉድጓዱ ለማስወጣት የምታገለግል እንስሳ ናትና። በ1880ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ፌሬቶች ሆን ተብሎ ሜዳ ላይ ተለቀቁ። ከነሱ ጋር ስቶትና ዊዝል የሚባሉት ዘመዶቻቸውም ተለቀቁ። የወፍ ሊቃውንት ገና ያኔ «ተዉ» ብለው ነበር። ሰሚ አላገኙም።

ጥንቸሉ ዛሬም አለ። ወፉ ግን አለቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ይህ አገር ከሌሊት ወፍ በቀር የራሱ የሆነ የየብስ አጥቢ እንስሳ አልነበረውም። ወፎቹ በማሽተት የሚያድን ጠላት አይተው አያውቁም። ኪዊ የምትባለው የአገሩ ወፍ አትበርም። ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትተኛው። የደረቷ አጥንት እንደ ሌሎች ወፎች ጠንካራ ስላልሆነ አንዴ ከተነከሰች አትተርፍም። የኪዊ ጫጩት አንድ ኪሎ ገደማ ከደረሰች ስቶትን ታግላ ልትመልሰው ትችላለች። ፌሬት ግን አዋቂዋንም ትገድላለች። ፔንጉዊኖችንም እንደዚሁ። በዚያ ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ስለምትሸከም ከብት አርቢውም አይወዳትም።

በ2002 መንግሥት ፌሬትን መሸጥ፣ ማራባትና ማከፋፈል ከለከለ። በ2016 ደግሞ እስከ 2050 ድረስ አይጥን፣ ፖሰም የሚባለውን ዛፍ ላይ የሚወጣ እንስሳና የፌሬትን ወገን ሁሉ ከአገሩ የማጥፋት ዕቅድ ታወጀ።

እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቶቼ ጋር ወጥመድ እዞራለሁ። ረጅም የእንጨት ሣጥን ነው። ውስጡ ዶክ 250 የሚባል ጠንካራ የብረት ወጥመድ አለ። ሌላ እንስሳ እንዳይገባ መግቢያው በሽቦ ወንፊት ይጠብባል። ማባበያው እንቁላል ወይም የጥንቸል ሥጋ ነው። ክዳኑን በመፍቻ ከፍተን፣ የሞተ ካለ አውጥተን፣ ማባበያውን ቀይረን፣ ብረቱን በብሩሽ ጠርገን እንዘጋለን። በዌሊንግተን ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች እንዲህ ያለ ወጥመድ በሺዎች ተዘርግቶ ነው በ2022 ኪዊ ወደ ማካራ የተመለሰችው። ሊያ ማሩን ትውደዳት፤ እንስሳዋ ክፉ አይደለችም። ግን ቦታዋ ያልሆነ ቦታ ከገባች ምን እንደምታደርግ ይኸው።

የእንስሳት ሐኪም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የዌሊንግተኑ ወንድማችን የጻፈው በሙሉ እውነት ነው። ግን ከዚያ ተነስቶ ማሩ ላይ መፍረድ አይቻልም። በየቀኑ ፌሬት የማክም ሰው ነኝና በእኔ በኩል ያለውን ልናገር።

አንደኛ ነገር፣ ኒውዚላንድ የተለቀቁት የሚወልዱ፣ ለአደን የሰለጠኑ፣ ከዱሩ ዘመዳቸው ከፖልካት ጋር የተዳቀሉ ነበሩ። የተለቀቁትም በብዛት ነው፣ ደጋግሞ፣ ምግባቸው ጥንቸል በሞላበት ሜዳ ላይ። የሊያ እናት፣ የማሩን ጆሮ ገልብጠሽ እይ። ሁለት ትንንሽ የንቅሳት ነጥቦች ካሉ ከትልቁ አርቢ ነው የመጣችው። አንዱ ነጥብ እንዳትወልድ ተደርጋለች ማለት ነው። ሌላው የሽታ ዕጢዋ ወጥቷል ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሱቅ የሚሸጡት ፌሬቶች አብዛኞቹ ገና በጥቂት ሳምንታቸው እንዲህ ተደርገው ነው ወደ ገበያ የሚወጡት። የማትወልድ እንስሳ ብታመልጥ የምታደርሰው ጉዳት በሷ ዕድሜ ያበቃል።

ሁለተኛ፣ ለውጪ አትሆንም። ፌሬት ላብ ማውጣት ስለማትችል ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ትወድቃለች። ምግብ ሆዷ ውስጥ የሚቆየው ሦስት አራት ሰዓት ነው፤ ቶሎ ቶሎ ካልበላች ትደክማለች። ምን ምግብ እንደሆነ የምትለየው በልጅነቷ በለመደችው ሽታ ነው። ደረቅ ምግብ ብቻ ስትበላ ያደገች ፌሬት የሞተ አይጥ ብታስቀምጪላት አሽትታ ልታልፈው ትችላለች። ያመለጡ ፌሬቶች ወደ ክሊኒክ ሲመጡ አይቻለሁ። ከስተው፣ ውኃ ጠምቷቸው፣ በቁንጫ ተወርረው ነው የሚመጡት።

ሦስተኛ፣ በአሜሪካ ዋናው ምድር ላይ ፌሬት ለአሥርት ዓመታት በየቤቱ ስትኖር ኖራ እስከ ዛሬ በዱር የተራባ መንጋ አልተመሠረተም። ካዮቲ አለ፣ ጉጉት አለ፣ ቀበሮ አለ፣ የአገሩ ዊዝልና ሚንክ አለ። ቦታው ተይዟል።

አቤል (ዴንቨር)

ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። እዚህ ኮሎራዶ ፌሬት የአገሩ ተወላጅ ነው፣ ሊጠፋ ስለሆነ እንንከባከበው ይባላል። ታዲያ እንዴት ወራሪ ይባላል?

የእንስሳት ሐኪም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

አቤል፣ ያኛው ሌላ ዝርያ ነው። ጥቁር እግር ያለው የአሜሪካ ፌሬት ይባላል፤ የሚኖረው ፕሬሪ ዶግ የሚባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ፣ የአይጥ ወገን የሆነ እንስሳ እየበላ ነው። ጠፋ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ1981 ዋዮሚንግ ሚቲትሲ አካባቢ የአንድ ከብት አርቢ ውሻ አንዱን ገድሎ ቤት ይዞ መጣ፤ በዚያ ተገኘ። በ1987 የቀሩት 18 ብቻ ነበሩ። የቤት ፌሬት ግን ከአውሮፓ ፖልካት የመጣች ናት። ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ በሽታ ሁለቱንም ይጨርሳል። ስለዚህ እናንተ ጋ ላለ ሰው ፌሬቱን ማስከተብ ለራሱ እንስሳ ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እኔ ስለ ፌሬት የማውቀው ከዚህ ያነበብኩትን ነው። ስለ መጤ ወራሪ ዝርያ ግን እዚህ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች የምንለው አለን።

እምቦጭ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል። በዓለም ዙሪያ የተሰራጨውም ለጌጥ እየተባለ ነው። ጣና ላይ በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ሲታይ ትንሽ ነበር። ከዚያ በኋላ ገበሬው፣ ተማሪው፣ ዓሣ አጥማጁ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። ማሽን መጣ። አሁንም ሐይቁ ላይ አለ። ስለዚህ ሐኪሙ «እስከ ዛሬ አልተራባም» ሲሉ እኔ አልረጋጋም። ወራሪ ነገር መጀመሪያ ላይ ሁሌም የለም ነው የሚባለው። ካሊፎርኒያ መከልከሏ ጥሩ አድርጋለች ባይ ነኝ።

የእንስሳት ሐኪም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ጣና ዳር፣ የምትለው ይገባኛል፤ ሥጋቱም ትክክለኛ ነው። ግን እምቦጭ ከአንድ ቁራጭ ይባዛል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል። የማትወልድ ፌሬት እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብደኛል።

የአዳማ ልጅ (ሜልቦርን)

አውስትራሊያም ትነገር። እዚህም በ1880ዎቹ ጥንቸልን ያጠፋሉ ተብሎ ፌሬቶች በገፍ ተለቀዋል። ያው የኒውዚላንዱ ታሪክ ነው፤ ዘመኑም አንድ፣ ጥንቸሉም አንድ። ግን በዋናው ምድር ላይ አልቆሙም። ቀበሮና ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ በላቸው የሚሉ አሉ፤ ሙቀቱ ነው የሚሉም አሉ።

ያም ሆኖ ዛሬ ኩዊንስላንድና ሰሜናዊው ግዛት ፌሬት ማሳደግ ይከለክላሉ። እኛ ቪክቶሪያ ውስጥ ይፈቀዳል፤ ጎረቤቴ ጥንቸል ለማደን ሦስት አለው። አንድ አገር፣ አንድ እንስሳ፣ ሕጉ ግን እንደየግዛቱ ነው።

ታዴ (ቤልፋስት)

ከኛ ሰሜን ጫፍ ላይ ራትሊን የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ወደ 150 ሰው ይኖርባታል። በ1980ዎቹ ፌሬት ገባ፣ አሁንም ያው ለጥንቸል ተብሎ። ደሴቲቱ የባሕር ወፎች ዋና መፈልፈያ ናት። ፓፊን መሬት ቆፍራ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው። ፌሬት ደግሞ ጉድጓድ መግባት ነው ሙያዋ።

እነሱን ለማስወገድ ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የተመደበለት ፕሮጀክት ተጀመረ። ገደል ላይ በገመድ የሚወርዱ ሰዎች ተቀጠሩ፣ ካሜራ ተተከለ። ዉዲ የሚባል ቀይ ላብራዶር ውሻ የፌሬት ኩስ በማሽተት እንዲያገኝ ሰለጠነ። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ ፌሬት አልታየም። ይህን ሁሉ የጠየቀችው በአንድ ቀን በእግር ዞረሃት የምትጨርሳት ደሴት ናት! የሊያ እናት፣ ለልጅሽ ይህን ንገሪያት። ማስገባት ቀላል ነው፣ ማስወጣት ግን ይህን ያህል ነው።

የወፍ ወዳጅ (ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ)

የተባለውን ሁሉ ስሰበስበው ሁላችንም እውነት እየተናገርን ይመስለኛል፤ የለያየን ቦታው ነው። የሊያ እናት «በምን መዝነው ነው?» ብላ ጠይቃለችና ወደዚያ ልመለስ።

ባለሙያዎች እንስሳ ሲመዝኑ ባሕርይዋን ብቻ አያዩም። አውስትራሊያ ውስጥ ሜሪ ቦምፎርድ ያዘጋጀችው የምዘና ዘዴ በብዙ ቦታ ይጠቀሳል። ጥያቄዎቹን በደረጃ ነው የሚያነሳው፦ ብታመልጥ ሰው ላይ አደጋ ታደርሳለች ወይ? ዱር ውስጥ ራሷን ችላ ልትራባ ትችላለች ወይ? ከተራባችስ ምን ታጠፋለች? የመጀመሪያው ለፌሬት ቀላል ነው። ነብር አይደለችም። ሦስተኛውም መልሱ ይታወቃል፤ ከተራባች የምታጠፋው ከባድ ነው። ክርክሩ ሁሉ ያለው መሐከለኛው ላይ ነው።

እሱን ለመመለስ ደግሞ የአየር ንብረቱ ከመጣችበት ጋር ይቀራረባል ወይ ተብሎ ይታያል። ሌላ ቦታ ተላምዳ ታውቃለች ወይ ይባላል። ይህኛው ትልቅ ክብደት አለው፤ አንድ ቦታ የወረረ ሌላም ቦታ የመውረር ዕድሉ ሰፊ ነውና። ፌሬት እዚህ ላይ ክፉ መዝገብ አላት፤ ኒውዚላንድ አለ፣ የብሪታንያ ደሴቶች አሉ። ከዚያ ደግሞ ስንት እንስሳ፣ ስንት ጊዜ ያመልጣል? ብዙ ሰዎች የሚረሱት ይህን ነው። አንድ ፌሬት ብታመልጥ ትሞታለች። በየዓመቱ አንድ አካባቢ ላይ ብዙ የሚወልዱ ቢያመልጡ ግን ወንድና ሴት መገናኘታቸው አይቀርም። ሴቷ 42 ቀን አርግዛ በአንድ ጊዜ ስምንት ገደማ ትወልዳለች።

ተላምዳ የቆመችባቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ ብታዩዋቸው ደግሞ ደሴቶች ናቸው፣ ቀበሮና መሰል ተወዳዳሪ የሌለባቸው፣ ጥንቸል የሞላባቸው። ስለዚህ ስለ ዋናው ምድር ሐኪሙ ያሉትን እቀበላለሁ። ሃዋይ ግን ልክ እንደ እኛ ናት። በ1883 ለሸንኮራ አገዳ እርሻ አይጥ ያጠፋል ብለው ሞንጉስ የሚባል ትንሽ አዳኝ እንስሳ አስገቡ። አይጧ በሌሊት ትወጣለች፣ ሞንጉሱ በቀን። የተረፈው ነገር የወፍ እንቁላል ሆነ። ከዚህም በላይ ሃዋይ የእብድ ውሻ በሽታ የሌለባት ግዛት ናት። የተከለከለ እንስሳ ያስገባ ሰው እስከ 200,000 ዶላርና እስከ ሦስት ዓመት እስር ይጠብቀዋል። እንስሳውን በፈቃዱ ላስረከበ ግን ምሕረት አለው። ይህን ሕግ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ።

ብርሃን (ሳን ሆዜ)

ታዲያ ካሊፎርኒያስ? ሐኪሙ እንዳሉት ከሆነ እዚህ መከልከሉ ትርፉ ምንድን ነው?

የወፍ ወዳጅ (ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ)

ካሊፎርኒያ ከባድ የሆነው እዚያው ሰፈራችሁ ያለውን ስታይ ነው። ከሳን ሆዜ ወደ ሰሜን የባሕረ ሰላጤው ረግረግ አለ። ሪጅዌይ ሬል የምትባል፣ ጭቃና ሣር መሐል ተደብቃ የምትኖር ለመጥፋት የተቃረበች ወፍ አለችበት። ባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ደግሞ ስኖዊ ፕለቨር አለች። ጎጆዋ አሸዋ ላይ ያለ ጎድጓዳ ነገር ብቻ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣው ቀይ ቀበሮ ሬልን ምን ያህል እንደጎዳት የታወቀ ነው። እንዲህ ያለች ወፍ ባለችበት አንዲት ያመለጠች ፌሬት ባትራባም እንኳ በአንድ ሳምንት ስንት ጎጆ ትጨርሳለች? «አትራባም» ማለት «አትጎዳም» ማለት አይደለም።

የእንስሳት ሐኪም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ይህን ነጥብ እቀበላለሁ። ግን እዚያው ረግረግ ዳር ያሉ ቤቶች ውስጥ ድመት አለ። ድመት በየቀኑ ከቤት ይወጣል፣ ይወልዳል፣ በዱርም ተራብቷል። ለወፍ ካሰብን ከሱ መጀመር ይሻላል።

እኔን ቢጠይቁኝ የመከነች፣ ከቆዳዋ ሥር መለያ ቺፕ የተደረገላትና የተከተበች ፌሬትን ብቻ በፈቃድ ማሳደግ ይቻል፤ ረግረጉና ደሴቶቹ ያሉበት አካባቢ ግን ይከልከል እላለሁ። አሁን ያለው ሁኔታ የከፋ ነው። የተደበቀችውን ፌሬት ማንም አይቆጥራትም፤ መክና እንደሆነም የሚያጣራ የለም። ያልመከነች ሴት ፌሬት ደግሞ ወንድ ካላገኘች ፍትወቷ አይቆምም፤ ሆርሞኑ መቅኒዋን አድርቆ ብዙ ጊዜ ይገድላታል። ይህን የማያውቅ ሰው ከደላላ ገዝቶ ደብቆ ያሳድጋታል። ስትታመም ሕጉን ፈርቶ ወደ ሐኪም አያመጣትም። ሲጨንቀው በር ይከፍትላታል። በሕግ የተከለከለ ነገር ሁሉ ከአካባቢው ጠፋ ማለት አይደለም።

የወፍ ወዳጅ (ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ)

ሲፈቀድ ቁጥሩ ይጨምራል፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያመልጠው ይጨምራል። እዚህ ላይ አንስማማም። መጀመሪያ ይጠና፣ ከዚያ ይፈቀድ ወይም ይከልከል። ስለ ድመቱ ግን ልክ ነዎት፣ ዶክተር።

የሊያ እናት (ላስ ቬጋስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ሊያን አጠገቤ አስቀምጬ አብረን አነበብነው። የማሩን ጆሮ ገለበጠች፤ ሁለቱም ነጥቦች አሉ። ስለ ኪዊዋ ስታነብ ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ ማሩ ስለማትወልድ ሕጉ ለሷ አይመለከትም ማለት ነው?» አለችኝ። ይመለከታል፤ በሩ ላይ የቆመው ሰው የእያንዳንዷን ጆሮ ሊገለብጥ አይችልም አልኳት። ደስ ባይላትም የገባት ይመስለኛል።

እኔ ራሴ ግን ከሐኪሙ ጋር ነኝ። ካሊፎርኒያ ከ2004 ወዲህ «ይጠና» የተባለውን አጥንታ ቁርጡን ብትነግረን ደስ ይለኛል።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወንድሜ ቤት ትልቅ ውሻ አለ፤ የጓሮው በርም ሁሌ ክፍት ነው። ምን ልንገረው?

የእንስሳት ሐኪም (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የጓሮው በር ይዘጋ፤ ዋናው እሱ ነው። የላስ ቬጋስ በጋ ለፌሬት ገዳይ ነው፤ አምልጣ ግማሽ ቀን ውጪ ከዋለች ላትተርፍ ትችላለች። ከማድረቂያ ማሽኑ ጀርባና ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቀዳዳ ሁሉ ይድፈን፤ ጭንቅላቷ ከገባ ሌላው አካሏ ይገባል። ውሻውን መጀመሪያ በገመድ ይዞ ያሽትታት፣ ብቻቸውን አይተዋቸው። የምትበላውን ምግብ ስሙን ጽፈሽ ስጪው፤ በድንገት ከቀየረባት አትበላም። የእብድ ውሻና የዲስቴምፐር ክትባቷ በየዓመቱ ነው፤ ካርዷን አብረሽ ላኪ። ቺፕ ከሌላት ከመሄዳችሁ በፊት አስደርጊላትና በወንድምሽ ስልክ ቁጥር ይመዝገብ።